ለቧንቧ ሠራተኛው ያቀበልኩት ንግግር

ሃያ ሦስት ዓመት መድረክ ላይ ኖሬአለሁ። ከዚያ ውስጥ ዘጠኙን ዓመት በሬዲዮ ተከታታይ ድራማ ላይ ጎረቤት የማታስቀምጥ፣ ምላሷ የተሳለ ሴት ሆኜ ስለሠራሁ፣ ሰው ሁሉ ወላጆቼ ያወጡልኝን ስም ትቶ «እትዬ ምላጭ» ይለኛል። ሱቅ ገብቼ ሳሙና ስጠይቅ ባለሱቁ ሳሙናውን ይረሳና «እስቲ አንዴ ይስደቡኝ» ይላል። እኔም አላሳፍረውም። ሰድቤው፣ ሳሙናዬን ይዤ እወጣለሁ።

እንዲህ ያለች ሴት ዛሬ ሥራዋ ቁጭ ብሎ ሰው መስማት ነው ሲባል የሚያውቁኝ ሁሉ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ እኔም ስቄአለሁ። ባሌማ፣ የትያትር ቤቱ የመብራት ባለሙያ ነውና ስንት ዓመት ከላይ ሆኖ ሲያየኝ የኖረ ሰው ነው፣ ልማር መሆኔን የነገርኩት ቀን «አንቺ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ካልሽ እኔ አምቡላንስ ነው የምጠራው» አለኝ። ሆኖም የምዝገባውን ቅጽ የሞላልኝ፣ ፎቶግራፌንም አስነሥቶ የለጠፈልኝ እሱ ነው። ዕድሜ ይስጥልኝ።

የሆነውን ለመረዳት በመጀመሪያ አንድ የመድረክ ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። መድረክ ላይ ጓደኛችን ቃሉ ከጠፋው እናቀብለዋለን። ሦስት ሰከንድ ዝም ካለ ተመልካቹ ይነቃል፤ አምስት ሲሞላ ወንበሮች መንቋቋት ይጀምራሉ፤ ሰባት ላይ አንዱ ከኋላ ያስላል። ስለዚህ የጓደኛዬ ዓይን መንከራተት ሲጀምር፣ የጠፋውን ቃል በራሴ ንግግር ውስጥ ሸጉጬ እሰጠዋለሁ። «ትናንት እናትህ መጥታ ነበር ልትለኝ ነው አይደል?» እለዋለሁ። እሱም «አዎ፣ እናቴ መጥታ…» ብሎ ይቀጥላል። ተመልካቹ ነገሬም አይል። በዚህ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ከእትዬ ምላጭ ጋር መድረክ የወጣ ሰው አፍሮ አይወርድም ሲሉ በጆሮዬ ሰምቼ፣ ያን ዕለት በደስታ ምግብ አልበላ ብሎኛል።

ከመድረክ ያወጣኝ አጋጣሚም ራሱ ትወና ነበር። የትያትር ቤቱ ጣሪያ ሲታደስ አምስት ወር ሥራ ፈታን። በዚያ መካከል የሥነ ልቦና አማካሪዎችን የሚያሠለጥን አንድ ኮሌጅ ተዋናዮች እንደሚፈልግ ሰማሁ። ተማሪዎቹ እውነተኛ ባለጉዳይ ከማነጋገራቸው በፊት ባለጉዳይ መስሎ የሚቀመጥላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ግማሽ ገጽ ወረቀት ሰጡኝ፤ እንቅልፍ ያጣች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ለምን እንደምትነቃ የማታውቅ። ስድስት ተማሪዎች በየተራ ሃያ ሃያ ደቂቃ ሊያነጋግሩኝ ነው። ሥራዬ አይደል? ለአምስቱ አለቀስኩላቸው። የግራ ዓይኔ ቀድሞ እንዲያነባ ማድረግ እችላለሁ፤ በዚህ የሚመካ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ስድስተኛዋ ጥፍሯን የምትበላ፣ ቀና ብላ እንኳ የማታይ ልጅ ነበረች። ይቺማ ምስኪን ናት ብዬ ትንሽ ቀለል አድርጌ ጀመርኩላት። ተናግሬ ስጨርስ ዝም አለች። የሚቀጥለው ጥያቄ ጠፍቷት መስሎኝ ላቀብላት ስል ቀደመችኝና «ይህን ለሰው ነግረው ያውቃሉ?» አለችኝ።

ወረቀቱ ላይ ለዚህ መልስ አልነበረም። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ስለ ታላቅ ወንድሜ ሆነ። ያሳደገኝ እሱ ነው። በሞተበት ቀን ከሆስፒታል ወደ ትያትር ቤቱ ደውለው «ቶሎ ትድረስ» ብለው ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚታይ ትያትር ነበረን፣ አዳራሹ ሞልቷል፣ እኔ ደግሞ መሪዋ ተዋናይ ነኝ። ሲያልቅ እደርሳለሁ አልኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰው አሣቅሁ። ስደርስ አልጋው ላይ ንጹሕ አንሶላ ተነጥፎበታል። ለዘመድ ሁሉ መልእክቱ የደረሰኝ ከትያትሩ በኋላ ነው ብዬ ስምንት ዓመት ዋሽቻለሁ። ለዚያች ጥፍሯን ለምትበላ ልጅ ግን እውነቱን ነገርኳት።

መምህሯ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ጸጉራቸው የነጣ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ናቸው። «ግሩም ትወና» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አላሉኝም። አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጡኝና «ነገ ይመጣሉ?» አሉ።

«የነገው ሥራ ለሌላ ተዋናይ ነው የተሰጠው» አልኳቸው።

«ለትወና አላልኩዎትም» አሉ።

በአርባ ስድስት ዓመቴ ተማሪ ሆንኩ። አብረውኝ የሚማሩት በዕድሜ ልጆቼ ይሆናሉ። የትያትር ጓደኞቼ «በእርጅና ትምህርት» እያሉ ቀለዱብኝ፤ አንዱ እንዲያውም «በመጀመሪያ የራስሽን ምላስ አክሚ» ብሎኛል። ትምህርቱን ግን ወደድኩት። በሁለተኛው ዓመት ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት በአንድ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ ስለ ራስን ማሳደግ ማስተማር ጀመርኩ። ሰማንያ ሰው ይመጣል። አሥቃቸዋለሁ፣ አስለቅሳቸዋለሁ፣ በመጨረሻ ቆመው ያጨበጭቡልኛል። እንዴት ያለ ጭብጨባ! መድረኩን የተውኩ መስሎኝ፣ ለካ አልሸሹም ዞር አሉ ነው። አንድ ቅዳሜ መምህሬን ጋበዝኳቸው። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዩና «ጥሩ ነው» አሉኝ፤ «ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ካንቺ በቀር አንድ ሰው እንኳ አልተናገረም።» ቤቴ ገብቼ ለባሌ «ምቀኝነት ነው» አልኩት። እሱ ብልጥ ነው፤ አልመለሰልኝም።

በመጨረሻው ዓመት፣ በመምህሬ ተቆጣጣሪነት፣ እውነተኛ ባለጉዳዮች መቀበል ጀመርኩ። ክፍሌ ዱሮ የክትባት ክፍል የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ወንበር፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ጥግ ላይ ደግሞ የእጅ መታጠቢያ። የቧንቧ ሠራተኛው የመጡት በዚያ ወቅት ነው። ታሪካቸውን እንዳወራ ፈቅደውልኛል፤ ይህን ሙያ ለሚማሩ ሁሉ በየዓመቱ የምነግረው እሱን ነው።

ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። የመሣሪያ ቦርሳቸውን በራሱ ቤት በር ሥር እንደሚያስቀምጥ ሰው በጥንቃቄ አስቀመጡና፣ ገና ሳይቀመጡ መታጠቢያውን አዩት። «ይሄ ይንጠባጠባል፣ ጎማው አልቋል» አሉ። በመጀመሪያው ሰዓት የነገሩኝ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ጎማ ይዘው መጥተው ቧንቧውን ጠገኑት። እጃቸውን እየጠረጉ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ነው «ልጄ አታነጋግረኝም» ያሉት።

አንዲት ልጅ ናት ያለቻቸው፤ የጥርስ ሐኪም። «እሷም እንደኔ የተዘጋ ቀዳዳ ስትከፍት ነው የምትውለው» ብለው ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ወዲያው ጠፋ። ከሁለት ዓመት በፊት ሚስታቸው ታማ ሆስፒታል አሥራ ሦስት ቀን ተኝታ ሞተች። ልጅቱ ከእናቷ አልጋ አልተለየችም። አባትየው አንድ ቀን እንኳ ክፍሉ ውስጥ አልታዩም። ልጅቱ ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። ከቀብሩ በኋላ እግሯን ከቤታቸው አወጣች። አሁን ደግሞ እርጉዝ ናት፤ ሰባት ወሯ። ይህንን የሰሙት ከጎረቤት ነው። «አያት ልሆን መሆኔን ከሰው ሰማሁ» አሉኝ። ከእኔ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ የልጅ ልጃቸው ከመወለዱ በፊት ልጃቸው እንድትታረቃቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸው ጀመሩ። «እሷ ሦስተኛ ፎቅ ተኝታ ሳለ እኔ…» አሉና አቆሙ። ዓይናቸው ተንከራተተ። መሬት አዩ፣ ሰዓቱን አዩ።

እኔ ደግሞ ይህን ዓይን አውቀዋለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት የተለማመድኩበት ነገር በራሱ ጊዜ ተነሣ። «ሥራዎን መደበቂያ አደረጉት» አልኳቸው። «ይህችን ብቻ ልጨርስ፣ ሲያልቅ እደርሳለሁ እያሉ ሸሹ። ከዚያ ሳይደርሱ ቀሩ።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «አዎ» አሉ በመጨረሻ ቀስ ብለው። «እንዲያ ቢባል ያምራል።»

ሞኟ፣ ምስጋና መስሎኝ ደስ አለኝ። በቀረው ሰዓት ለልጃቸው የሚነግሯትን አዘጋጀን፤ አዘጋጀን ማለት አዘጋጀሁ ነው። «ልጄ፣ እናትሽ አልጋ ላይ ሳለች እኔ ሰው ቤት ቧንቧ ሥር ተደብቄ ነበር። ሥራው ሰበብ ነው፤ እውነቱ ፍርሃት ነው። ይቅር በይኝ።» አራት ጊዜ አስለመድኳቸው። እዚህ ላይ ትንፋሽ ይውሰዱ፣ እዚህ ላይ ዓይኗን ይዩ፣ «ፍርሃት» ሲሉ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ አልኳቸው። እሺ ባይ ሰው ናቸው፣ ሁሉንም እሺ አሉኝ። በአራተኛው ላይ እኔ ራሴ ሰውነቴን ነዘረኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ቤት ሊሄዱ ተስማምተን ተለያየን።

ረቡዕ ቀጠሯችን ነበር፤ አልመጡም። ሰዓት አክባሪ ስለሆኑ ደነገጥኩ። በማግሥቱ ስልክ ደወሉ።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ አልመጣም። ስላደረጉልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

«ምን አለችዎት?»

«ሳታስገባኝ ቆማ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ‹ሥራ እንደሚሆን ገምቼ ነበር፤ እንግዲህ ራስህ ከተናገርከው እኔ ምን እጨምራለሁ› ብላ ገባች።» ደግሞ አከሉ። «ንግግሩስ ጥሩ ነበር። በንግግሩ አይደለም።»

ክው ብዬ ቀረሁ። ሰውየው ሊያጽናኑኝ መሞከራቸው ደግሞ ይባስ አንጀቴን በላው።

የተለማማጅ ሥራ ሁሉ በባለጉዳዩ ፈቃድ በድምፅ ይቀዳል። ቅጂውን ይዤ መምህሬ ቢሮ ሄድኩ። አንዲት እርሳስ ይዘው ሰሙና «እኔ…» የሚለው ላይ ሲደርሱ አቆሙት።

«እዚህ ላይ ምን ያህል ዝም አሉ?»

«ብዙ» አልኩ። «በጣም ተጨንቀው ነበር።»

መልሰው አጫወቱትና በሰዓታቸው ለኩ። «አራት ሰከንድ» አሉ። ከዚያ ያቀበልኩትን ቃል አሰሙኝ። የራሴ ድምፅ፣ ያ የሠለጠነ፣ የሚያምር ድምፅ፣ ከመቅረጫው ሲወጣ ጠላሁት። «ሥራ ይዟቸው እንደቀሩ ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ያው… ግልጽ ነበር።»

«ከሳቸው አፍ ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ ሲያልቅ እደርሳለሁ ብሎ ሳይደርስ የቀረው ማን ነው?»

በዚያን ጊዜ ገባኝ። በሰውየው አፍ ውስጥ ያስቀመጥኩት የራሴን ወንድም፣ የራሴን ትያትር፣ የራሴን ኃጢአት ነበር። እሳቸው ያላደረጉትን ነገር አደረግሁ ብለው፣ እኔ ባሠለጠንኳቸው ድምፅ፣ ልጃቸው ፊት ተናዘዙ። አለቀስኩ፤ የትኛው ዓይኔ እንደቀደመ አላውቅም፤ አፍንጫዬም ጭምር ነበር የሚያለቅሰው። መምህሬ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ልያዝሽ፣ ላባብልሽ አላሉም። በኋላ «ማባረር ብፈልግ አባርርሽ ነበር» አሉ። «አሁን ግን እኔን ሳይሆን እሳቸውን ነው ይቅርታ የምትጠይቂው። ስልኩ እዚያ ነው።» ከዚያ ተነሥተው ወጡ፤ ለብቻዬ እንድደውል። እስከ ዛሬ ድረስ እንደዚያ ቀን ያመሰገንኩት ሰው የለም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው በስልክ። «ያ ቃል የእርስዎ አልነበረም፣ የኔ ነበር። የእርስዎን ሳልሰማ አቀበልኩዎት። ሊሰድቡኝ መብትዎ ነው። ግን አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ።»

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

«ሥራ ተበላሽቶ ሲቀር እኔም አልወድም» አሉ በመጨረሻ። «ረቡዕ እመጣለሁ።»

ረቡዕ መጡና ያቺው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ያን ዕለት ‹እሷ ሦስተኛ ፎቅ ተኝታ ሳለ እኔ› ብለው አቆሙ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም» አልኳቸውና ጨረስኩ። መናገር የተፈቀደልኝ ይኸው ነው ብዬ ለራሴ ወስኛለሁ።

አላወሩም። አንድ ደቂቃ ሄደ። ሁለት። እጃቸውን ያፋትጋሉ፣ መዳፋቸው ሻካራ ስለሆነ ድምፁ ይሰማል። በአራተኛው ደቂቃ አሥር ዓይነት ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሁሉም ያምራል፣ ሁሉም ሌላ ሰው የሚናገረው ነው። ምላሴን በጥርሴ ያዝኩት። ይህ አባባል አይደለም፣ በእውነት ነው የያዝኩት፤ ማታ ሻይ ስጠጣ አቃጥሎኛል። በስድስተኛው ደቂቃ ዝምታው ማስፈራቱን ተወና ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያን ጊዜ ይመስለኛል። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ጥፍር የለውም፤ በአራት ሳምንት ውስጥ አላየሁትም ነበር።

«ደረጃው ላይ ነበርኩ» አሉ።

ጠበቅሁ።

«አሥራ ሦስቱንም ቀን ሄጃለሁ። ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ መካከል፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ አለ። እዚያ ነው የምቀመጠው። ቦርሳዬን ስለምይዝ የሚያልፈው ሁሉ ለጥገና የመጣሁ ይመስለዋል፣ ማንም አይጠይቀኝም። ከምሳ በኋላ እመጣና የጠያቂ ሰዓት እስኪያልቅ እቆያለሁ። እነሣለሁ፣ ስድስት ደረጃ እወጣለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ቤት የገባሁት ልጠግን ነው። አይሆንም ያልኩት ነገር የለም፤ አሮጌውን እቀጥላለሁ፣ ያልሆነውን እቀይራለሁ። ሐኪሙ ግን ምንም የሚደረግ ነገር የለም አለኝ። ባዶ እጄን ገብቼ ምን ልበላት? ምን ይዘህ መጣህ ብትለኝስ?»

በዚህ ጊዜ እንባዬ መጣ፣ ግን እሱንም ዝም አልኩት። ቆይቼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። «ታዲያ እኔ የሥራውን ስነግርዎት ለምን አዎ አሉ?»

«ያምር ነበራ!» አሉ ተገርመው። «ሥራ የበዛበት ሰው ወግ አለው። አሥራ ሦስት ቀን ደረጃ ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ ግን ምን ይባላል? እትዬ ምላጭን የሚያህል ሰው ያማረ ነገር ሰጥቶኝ እምቢ ልበል?»

ያን ዕለት ከመሄዳቸው በፊት ለልጃቸው መልእክት ጻፉ። ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው፤ እኔ ቃል አላዋጣሁም። «ያ ንግግር የኔ አልነበረም። የኔን ልንገርሽ» የሚል ነበር። ከአራት ቀን በኋላ መልስ መጣ። ሦስተኛ ሰው ባለበት ከሆነ ትመጣለች፤ አንድ ሰዓት ብቻ።

መምህሬ ፈቀዱልኝ፤ ሦስተኛ ወንበር አስገባን። ልጅቱ በሁለት ታካሚዎቿ ቀጠሮ መካከል ነው የመጣችው፤ ነጭ ጋዋኗን በክንዷ ይዛለች። ሆዷ ገፍቷል። አባቷን «ደኅና ዋልክ» ብላ ሳታያቸው ተቀመጠች፤ ቦርሳዋንም ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ ቶሎ ለመነሣት እንደሚያስብ ሰው። ሰላም ስላት ግን ቀና አለች።

«ድምፅዎን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ያን እሑድ አባዬ ሲናገር፣ ይህን አነጋገር የት ነው የማውቀው እያልኩ ነበር። ተማሪ እያለሁ ከእማዬ ጋር በሬዲዮ እሰማዎት ነበር። የጻፉለት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ቃሉም የኔ ነው፣ ስሕተቱም የኔ ነው። አባትዎ ያልነገሩኝን ነው ያናገርኳቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ይቅርታ አደርጋለሁም አላለች፤ አላደርግምም አላለች። ወደ አባቷ ዞረች።

«እኔ…» አሉ አባትየው፤ አቆሙ።

ደግሞ ያው ዓይን። ግድግዳውን አዩ፣ እጃቸውን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩ። ልጅቱም አየችኝ። ሁለቱም እንድረዳቸው የሚለምኑኝ መሰለኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ሦስት ቃል ነው፤ አንዴ ብተነፍሰው ሦስታችንም ከዚህ ጭንቅ እንወጣለን። ጉልበቴን እያየሁ ዝም አልኩ። የሚያቀብል አለመኖሩን ሲያውቁ ትከሻቸው ወረደ።

«ደረጃው ላይ ነበርኩ» አሉ።

«የት ደረጃ?»

«የሆስፒታሉ። ሦስተኛ ፎቅ ሳይደረስ። በየቀኑ መጥቻለሁ። መግባት አቃተኝ፤ የማደርግላት ነገር አልነበረኝም። ይኸው ነው ልጄ። ሌላ የለውም።»

ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ አላወቁም፤ ዓይኗንም አላዩም። መድረክ ላይ ቢሆን አዘጋጁ እንደገና ይጀመር ይል ነበር። ልጅቱ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ፊቷ ግን ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየሁ።

«ከምሳ በኋላ?» አለች።

«ከምሳ በኋላ» አሉ።

«ቦርሳህን ይዘህ?»

«ይዤ። ምነው?»

ልጅቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ስትናገር ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «እማዬ ትነግረኝ ነበር። ‹አባትሽ ደረጃው ላይ ነው፣ መፍቻዎቹ ሲንኳኩ ይሰማኛል፣ በሩን ክፈችለት› ትለኛለች። በየቀኑ፣ ከምሳ በኋላ። ደስ ይላት ነበር፣ አባዬ፤ ፊቷ ይፈካል። እኔ መድኃኒቱ ነው የሚያስቀባዥራት ብዬ… ‹እሺ እማዬ› እላትና ሄጄ በሩን እዘጋዋለሁ። እኔ ነኝ የምዘጋው።»

የቧንቧ ሠራተኛው አልተንቀሳቀሱም። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ አፌን የዘጋልኝን አምላክ ብቻ በሆዴ አመሰገንኩ። አባትየው ያን ሻካራ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ክንድ ያዙ።

«ደረጃው ነፋስ ነበረው» አሉ። «ብርድ ይገባባት ነበር። ደግ አድርገሻል ልጄ።»

ልጅቱ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወንበሯን ጎትታ ከአባቷ አጠገብ አደረገችው።